በ880 መንገድ ላይ የተጮኸ ምርቃት

ጌታቸው ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ታካሚዎችን በቫን ማመላለስ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ከኤርፖርት ሰው ሲያነሳ ያድር ስለነበር፣ ሚስቱን ፅጌረዳን የሚያያት እሱ ሲገባ እሷ ስትወጣ በር ላይ ነበር። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ ምሳውን ከእሷ ጋር ይበላል። ከዚህ የተሻለ ሥራ አለ ቢሉት አያምንም።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ አፉ። መሬት ላይ ቆሞ ሲያወሩት ጨዋ ሰው ነው። መሪ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ በተለይ ሞተረኛ ሲያይ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተረኛ በሁለት መኪና መሀል ሰንጥቆ እንዲያልፍ ሕግ ይፈቅድለታል። ጌታቸው ሕጉን ያወጡት ሰዎች መኪና እንደሌላቸው እርግጠኛ ነው። አንዱ ጆሮው ሥር አጓርቶ ባለፈ ቁጥር ከእናቱ ጀምሮ እስከ ሰባት ቤቱ ስድብ ያወርድበታል። ቫኑ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ካሜራ መኖሩን ያውቃል። ቢሆንም የሚሳደበው በአማርኛ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ማን ይሰማዋል?

ሶልያና ትሰማዋለች። በአምስት ዓመቷ ከአገር ቤት የመጣች ልጅ ናት፤ ቢሮው የቀጠራት ባለፈው ወር ነው። ረቡዕ ዕለት ደወለችለት።

«ጋሽ ጌታቸው፣ ከኦፊስ ነው፣ ሶልያና እባላለሁ። ቪዲዮዎቹን ሪቪው የማደርገው እኔ ነኝ።»

«እንዴት ነሽ ልጄ! የኛ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«የስ። እ… ትናንት ለሞተረኛው ያሉት ነገር… አንዷ ቃል አልገባችኝም፣ ደውዬ እማዬን ጠየቅኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።»

ጌታቸው ስልኩን ከጆሮው ራቅ አደረገ።

«አሁን ሁለት ዋርኒንግ አለዎት። ሦስተኛ ከመጣ የሳን ሆዜውን ሩት ይወስዱብዎታል። ተመልሰው ኤርፖርት፣ ናይት ሺፍት። እኔ ደግሞ ዋሽቼ መተርጎም አልችልም፤ ሶሪ ጋሼ።»

በማግስቱ ተሳፋሪው እማማ መንበረ ነበሩ። የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ የጉልበት ሐኪማቸው ወደ ሳን ሆዜ ስትዛወር «እጇን ለምጄዋለሁ» ብለው በየሐሙሱ ይከተሏታል። ጌታቸው ጭንቀቱን አንድ ሳያስቀር ነገራቸው።

«እኔማ በየሳምንቱ የምሰማውን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም» አሉ። «ታዲያ ምን ቸገረህ? አፍህ ሲከፈት መርቅበት።»

«እማማ፣ ምርቃት እኮ ከሆድ ነው የሚወጣው።»

«አንተ ከአፍህ አውጣው፤ ሆድህ ሲደርስ ይድረስ። እኔ አሜን እላለሁ።»

ሄይዋርድ ከተማን አለፍ እንዳሉ 880 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀይ ጃኬት የለበሰ ሞተረኛ ከኋላ እያጓራ መጣ። ክፍተቱ ጠበበበትና የቫኑን የጎን መስታወት በቡጢ መትቶ አጠፈው። አልበቃውም፤ በሩን በእግሩ ደገመው። እማማ መንበረ ቦርሳቸውን አቀፉ።

የጌታቸው የአንገት ሥር ተገተረ። መስኮቱን አወረደ። የሰውየው እናት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«እደግ!» ብሎ ጮኸበት።

«አሜን» አሉ እማማ ከኋላ።

«ተመንደግ! ልጆችህ ይባረኩ! ያንተ… ያንተ እናት…»

እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«…ዕድሜዋ ይርዘም!»

«አሜ…ን።»

ምርቃት እንደ ስድብ አይደራረብም፤ በየመሀሉ አሜን መጠበቅ አለበት። እማማ ደግሞ አሜናቸውን የሚያሳጥሩ ሴት አይደሉም። አራተኛው ላይ ጌታቸው ንዴቱን ቢፈልገው አጣው።

ሞተረኛው የሄልሜቱን መስታወት ገለጠ። «ምንድነው ያልከኝ?» አለ በእንግሊዝኛ።

«ስለ እናትህ ነው» አለው ጌታቸው፣ እውነቱን።

የሰውየው ዓይን ጠበበ።

«ረጅም ዕድሜ እንድትኖር።»

ሞተረኛው ፊቱን አተኩሮ አየው፤ የተደበቀ ስድብ እየፈለገ ነበር። ሲያጣ፣ እጁን ዘርግቶ ያጠፈውን መስታወት መለሰውና ሄደ።

«ጠማማ አድርጎት ሄደ እንጂ» አሉ እማማ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጌታቸው እማማን ቤታቸው አድርሶ ቫኑን እንዳቆመ ስልኩ ጮኸ። ሶልያና ናት።

«ጋሼ፣ በሩ ሲመታ ካሜራው ክሊፑን ልኮልናል። ቦሱ ፊትዎን ብቻ አይቶ ሦስተኛውን ዋርኒንግ ጽፎ ጨርሶ ነበር። ‹ምን እያለ ነው?› አለኝ። ‹ልጆችህ ይባረኩ፣ የእናትህ ዕድሜ ይርዘም እያለው ነው› አልኩት። አላመነኝም።»

«ለምን?»

«‹እንደዚህ እየጮኸ የሚመርቅ ሰው የለም› አለ። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሰማው። በመጨረሻ፣ ከኋላ ያሉትን እማማ ሰማቸው። ‹አሜን ነው እንዴ የሚሉት?› አለኝ። ‹የስ› አልኩት። ወረቀቱን ቀደደው።»

«ሩቱስ?»

«የእርስዎ ነው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»

ጌታቸው ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። ፅጌረዳ ምሳውን እያሞቀች ይሆናል። ደህና ዋዪ ሊላት ሲል፣ ልጅቷ ስልኩን እንዳልዘጋች ልብ አለ።

«ጋሼ… ሰኞ ፈተና አለብኝ። የነርስ። እኔንም…?»

«መረቅኩሽ እንጂ! ቀስ ብዬ ነው ወይስ በጩኸት?»

ትንሽ አሰበች።

«በጩኸት።»

ጌታቸው መንገደኛ እንዳይደነግጥ መስኮቱን ከፍ አድርጎ ዘጋና ደረቱን በአየር ሞላ።