የጋሽ ግዛቸው ግድግዳ ሃምሳ ሰባት ቀለም

አብርሆት ቤልጅየም አገር ሁለት ዓመት ተቀምጣ የተማረችው አሮጌ ቤት እንዳይነካ መከላከልን ነው። ቦንጋ ስትመለስ የባህል መሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛና የቅርስ መመዘኛ ቅጽ ሰጣት። ወንበሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ።

የመጀመሪያ ሥራዋ የጋሽ ግዛቸው ዳቦ ቤት ሆነ። ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ከፊት ሻይ ይጠጣበታል፣ ከጎን ዳቦ ይጋገርበታል። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ከቤቱ አራት ሜትር ይቆረጣል ተብሏል። ምድጃው የቆመው እዚያው አራት ሜትር ውስጥ ነው። ምድጃው ከፈረሰ የሚቀረው ሻይ ቤት ብቻ ነው፤ ሻይ ቤት ደግሞ ቦንጋ ውስጥ ከባጃጅ ቁጥር አያንስም። ቤቱ ከመቶ ስልሳ ነጥብ ካገኘ ግን ቅርስ ይባላል፤ መንገዱም በማዶ በኩል ባለው ባዶ ቦታ ይሰፋል።

ቅጹ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ለዕድሜ ሠላሳ፣ ለነባርነት፣ ማለትም ሳይለወጥ ለመቆየቱ፣ አርባ፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠላሳ። ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት በላይ ለመሆኑ ማስረጃ አልነበረም፤ የቤቱን ወረቀት አይጥ በልቶታል። አብርሆት ተስፋ የጣለችው በነባርነቱ ላይ ነበር። የተላላጠው ግድግዳ፣ በጭስ የጠቆረው ጣሪያ፣ የስንቱ ሰው ክርን ያሠረጎደው የእንጨት ባንኮኒ፣ ሁሉም መምህሮቿ በስላይድ ካሳዩዋት የተሻለ ነው።

ማክሰኞ ሄዳ፣ ሐሙስ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች እንደሚመጡ ለጋሽ ግዛቸው ነገረቻቸው። እስከዚያ ምንም ነገር እንዳይነኩ አደራ አለች። እሳቸውም እሺ አሉ። ከነገረቻቸው ሁሉ ልባቸው ውስጥ የገባው ግን እንግዳ መምጣቱ ነው።

ረቡዕ ዳዶ ጠሩ። ዳዶ ሲጠራ ጎረቤት የራሱን ሥራ ትቶ ይመጣል፤ ነገ እሱም ይጠራልና። ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ጣሪያው በሳሙና ታጠበ፣ ባንኮኒው አበባ ያለበት ላስቲክ ተለጠፈበት፣ ግድግዳው ገበያ ላይ በተገኘው ቀለም ተቀባ። የተገኘው ያልበሰለ ሎሚ የመሰለ አረንጓዴ ነበር። ምድጃውን ብቻ ማንም አልነካውም፤ ትኩስ ነበር።

ሐሙስ አብርሆት ከኮሚቴው ጋር ደርሳ ደጃፉ ላይ ቆመች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኢንጂነር ሰላሐዲን ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ሲያራግፍ ቆየና መዳፉን አየ።

«አሮጌው ቤት ይሄ ነው?» አለ።

«እስከ ትናንት» አለች አብርሆት።

ጋሽ ግዛቸው የክት ኮታቸውን ለብሰው እያንዳንዱን እንግዳ እጅ ነሱ። አብርሆት ወደ ጎን ወስዳ አይንኩት አላልኩም ወይ አለቻቸው።

«እንግዳ እየመጣ?» አሉ። «ልጄ፣ እዚያ ማዶ ያስተማሩሽ ሰው በጥላሸት መቀበል ነው?»

አብርሆት እዚያ ማዶ አንድ ፕሮፌሰር በተቀየረ የበር እጀታ ምክንያት እንባ ሲያወጣ አይታለች። ያኔም ቢሆን ትክክል ስለመሆኑ እርግጠኛ አልነበረችም።

ኢንጂነሩ ለነባርነት ዜሮ ጻፈ። ዜሮዋን ክብ አድርጎ ነው የጻፋት። ከዚያ ሻይና ትኩስ ዳቦ ቀረበ፤ ሌላ የሚባል ስላልነበረ አብርሆት ቤቱ ከዚህ በፊት መቼ ተቀብቶ እንደነበር ጠየቀች።

«በየዓመቱ ነዋ፣ ለመስቀል» አሉ ጋሽ ግዛቸው።

የድሮውን ፍቀው እንደሆነ ጠየቀች። ጋሽ ግዛቸው ጥያቄው አልገባቸውም። ምን ሲባል ይፋቃል፤ በላዩ ላይ ነው እንጂ።

አብርሆት ከቦርሳዋ ትንሽ ምላጭና አጉሊ መነጽር አወጣች። ከበሩ ጀርባ በርከክ ብላ ትኩሱን ቀለም ቆርጣ ገባች። ጋሽ ግዛቸው እንግዳ ፊት ይህን በማየታቸው ፊታቸውን አዞሩ። ቆጠራው አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ኢንጂነሩ ሦስት ዳቦ በላ። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ኖራ፣ ደግሞ ሰማያዊ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ቀጭን ቂጣ ተነባብሯል።

«ሃምሳ ሰባት» አለች።

ጋሽ ግዛቸው አረሟት። የትናንቱ የመስቀል ስላልሆነ ይቀነሳል፤ አባታቸው የሞቱ ዓመት ደግሞ በሐዘን ሳይቀባ ስላለፈ ይጨመራል። ያው ሃምሳ ሰባት ዓመት። ኢንጂነሩ ራሱ ልቁጠር ብሎ ሃምሳ አራት አገኘ፤ ሃምሳ ካለፈ ለሱ በቂ ነው። ለዕድሜ ሠላሳ ጻፈ። በማኅበራዊ አገልግሎቱ ላይ ክርክር አልተነሣም፤ የሦስቱም አፍ ሙሉ ነበር። እዚያም ሠላሳ ገባ። ለነባርነት ዜሮ የተሰጠው ቤት በስልሳ ነጥብ ቅርስ ሆነ።

የቀረው የባለቤቱ ፊርማ ነው። አብርሆት ግዴታዎቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ግዛቸው እጃቸውን አነሡ።

«ያለ ፈቃድ ምንም አይቀየርም? ለመስቀል መቀባትም?»

«መቀባትም።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው መንገዱ ይለፍበት» አሉ። «መስቀል ሲመጣ በአምና ቀለም ሰው አልቀበልም።»

ኢንጂነሩ አብርሆትን አየ፤ አብርሆት ቅጹን። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ፈለገች፤ ባለሙያው ይላል። ባለሙያው እሷ ናት። ወረቀት አወጣችና ለመጪው መስቀል ቤቱ እንዲቀባ ተፈቅዷል ብላ ጽፋ ፈረመች። አሮጌው ሳይፋቅ የሚል ጨመረችበት።

ጋሽ ግዛቸው ወረቀቱን አነበቡት። «ይሄ የዘንድሮው ነው። የከርሞውስ?»

«ከርሞ ይጠይቃሉ።»

«ከርሞ አንቺ ትኖሪያለሽ?»

አብርሆት ይህን ጥያቄ ራሷን መጠየቅ ከጀመረች ሰባት ወሯ ነው። «አላውቅም» አለች።

«እንግዲያው የአሥር ዓመቱን አሁን ፈርሚ» አሉና ወንበር ሳቡላት።

ተቀምጣ አሥር ወረቀት ጻፈች፣ አሥር ጊዜ ፈረመች። ጋሽ ግዛቸው አንድ በአንድ እያዩ ተቀበሏት። ዘጠነኛው ላይ ፊርማዋ ከሌሎቹ ጋር አልመሳሰል ስላለ እንደገና አስፈረሟት፤ ከዚያ እሳቸውም ፈረሙ።