ዝርዝር የሌለው ይቅርታ

የሊፍት ጥገና ሠራተኞች ውሃ ልክ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የሥራ ባልደረባው ፉጨት ነበር፤ በር ተጣብቆ ነዋሪ ሲጮህ ሌላው ሲንጨረጨር፣ እሱ ብቻ ድምፁን ሳይቀይር ካቻቪቴውን ይዞ ይቆማልና። ፉጨት ደግሞ ስሙን ያገኘው ሲሠራ ስለሚያፏጭ ነው። የትኛው ፎቅ ላይ እንዳለ በፉጨቱ ይታወቅ ነበር። ቀኝ እጁ ከተቀጠቀጠ ወዲህ ግን አያፏጭም።

ውሃ ልክ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብርቱካን ይዞ ይጠይቀዋል። አንዱን ይልጥና ነጩን ክር በጥንቃቄ አንስቶ፣ ፉጨት በግራ እጁ ለማንሳት በሚመቸው በኩል ያስቀምጥለታል። የፉጨት ሚስት ለጎረቤቶቿ ስታወራ፣ ከእናቱ ልጅ ይበልጥበታል ትላለች። ውሃ ልክ ይህን ሲሰማ ድሮ ደስ ይለው ነበር። አሁን ይደክመዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። የትኛውም ፎቅ ላይ በር ከተከፈተ ሊፍት አይንቀሳቀስም። ፉጨት በተጎዳበት ሕንፃ ግን የአንደኛው ፎቅ በር መቆለፊያ አርጅቶ፣ በሩ ተዘግቶም ሊፍቱ እንደተከፈተ ይቆጥረው ጀመር። ጠዋት የተጠራው ውሃ ልክ ነበር። መለዋወጫ አልያዘም፤ ነዋሪው ደግሞ ደረጃ መውጣት አንገሽግሾታል። ወደ ሞተር ክፍሉ ወጣና መቆለፊያውን የሚያልፍ አጭር ሽቦ አስገብቶ ዳይሬክት አደረገው። ሊፍቱ በሩ ይከፈት ይዘጋ መጠየቁን ተወ። ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ፤ ሌላ ጥሪ ያዘው። መለዋወጫውን ይዞ የሄደው ፉጨት ነው፤ ስለ ሽቦው የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ፉጨት በሩን ከፈተ። በሩ ክፍት ነው፣ ሊፍቱ አይሄድም ብሎ እጁን አስገባ። ከታች አንድ ሰው የመጥሪያውን ቁልፍ ተጫነ፤ ሊፍቱም ሄደ።

ፉጨትን ወደ ሐኪም ቤት ሲጭኑት ውሃ ልክ ሞተር ክፍል ገብቶ ሽቦውን ነቀለ። መርማሪዎቹ ሲመጡ ካረጀው መቆለፊያ በቀር ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ሌላ ምክንያት ስላጡ፣ ሠራተኛው ራሱ በእጁ ወይም በመሣሪያው መቆለፊያውን ተጭኖት ሊፍቱ በሩ የተዘጋ መስሎት ይሆናል አሉ። ያን ቅጽበት ሥቃዩ ከአእምሮው ስለፋቀበት፣ ፉጨትም ይሆናል ብሎ ተቀበለ። ሽቦው በውሃ ልክ መሣሪያ ሣጥን ውስጥ፣ ከሌሎች ቁርጥራጮች ጋር ተደባልቆ ቀረ።

ውሃ ልክ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ለንስሐ አባቱ በሥራዬ ቸልተኛ ነበርኩ ብሎ ተናዘዘ። የታዘዘውን ጸሎት አደረሰ፤ ከራሱም ጨመረበት። ፉጨት ከሐኪም ቤት የወጣ ሰሞን ደግሞ እግሩ ላይ ወደቀና፣ "ባውቅም ባላውቅም የበደልኩህ ካለ ይቅር በለኝ" አለው። ፉጨት በደህናው እጁ አንገቱን ይዞ አነሳው፤ ምን በድለኸኝ ታውቃለህ ብሎ ሳመው። ያን ዕለት ውሃ ልክ እንደ ሕፃን ተኛ። ጠየቅሁ፣ ይቅር ተባልኩ፣ ከዚህ በላይ ምን አለ አለ። ሰላሙን ከእግዚአብሔር የመጣ ነው ብሎ ተቀበለው። ደህና ሰላም ነበር፤ ብቻ በየሳምንቱ ብርቱካን ይፈልግ ነበር።

በዚህ እሑድ ፉጨት ገና ከበሩ ጀመረው።

"ዛሬም ብርቱካን? ሎሚ ብታመጣ እኮ ከፊትህ ጋር ይሄድልሃል።"

ሚስቱ አልሳቀችም። ሻይ እየቀዳች ነገሩን ለውሃ ልክ አወረደችው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ የሚቀጠሩትን አስተምር ብሎታል፤ አፍ እንጂ እጅ የማይፈልግ ሥራ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን አሻፈረኝ ብሏል።

"ጋሼ፣ እስቲ አንተ ንገረው። እኔንማ እንደ ሬዲዮ ነው የሚሰማኝ።"

ፉጨት የተጣመሙ ጣቶቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

"ተኝቼ አስበዋለሁ" አለ። "በሩን ስከፍት ይታየኛል፤ እጄን ሳስገባም ይታየኛል። መቆለፊያውን ስነካው ግን አይታየኝም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሳላውቀው እጄን ካስበላሁ፣ ሳላውቀው የሰው ልጅ አስበላለሁ። ነገ ጠዋት አልፈልግም ብሏል ብለህ ለአለቃ ንገርልኝ።"

እሺ የሚለው ቃል የውሃ ልክ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሊለው ሲል ድካሙ መጣበት፤ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ድካም። ይቅር የተባለው እሱ ነው። ጥፋቱን የተሸከመው ፉጨት። ነገ ደግሞ ውሃ ልክ ሸክሙን በራሱ አፍ አለቃ ዘንድ ወስዶ ሊያጸናው ነው።

"አልነካኸውም" አለ።

"ምኑን?"

"መቆለፊያውን። ጠዋት ዳይሬክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንተን ሲወስዱህ ሽቦውን የነቀልኩትም እኔ ነኝ።"

ፉጨት ድገመው አለ። ደገመለት። ፉጨት የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚመረምር ሰው ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው።

"ባውቅም ባላውቅም ነበር ያልከኝ።"

"አዎ።"

"ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ሚስትየው፣ "እሑድ እሑድ እየመጣህ!" አለች። ውሃ ልክ ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ፉጨት ግራ እጁን አነሳ።

"ዛሬ አትጠይቀኝ። ብርቱካንህን ይዘህ ሂድ።"

ይዞት ሄደ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት መሣሪያ ሣጥኑን በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ የሽቦ ቁርጥራጮቹን ዘረገፈ። የፉጨትን እጅ ያስበላው ከእነዚህ አንዱ ነው አለ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አለቃው ጭብጡ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ለስለስ አለ። ነገሩ የተዘጋ ነው፤ ሰውየውም አምኖ ተቀምጧል፤ አሁን መነካካቱ አንተን ከሥራ ከማስወጣትና ምናልባትም ከማሳሰር በቀር ለማን ይጠቅማል? ሁላችንም በሰላም እየሠራን ነው አለው። በአባትነት ቃና ነበር የተናገረው። እንደዚህ የደከመው ሰው እሺ ቢልም የሚፈርድበት አልነበረም።

ውጭ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች ካርድ እየመቱ ይገባሉ።

"በል በሩን ዝጋና እንነጋገር" አለ አለቃው።

"ክፍት ይሁን" አለ ውሃ ልክ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። "ፉጨትን ሲያሙት የሰሙ ናቸው። ይሄንንም ይስሙ።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ከሞተር ክፍሉ ጀምሮ አንድ በአንድ ተናገረ።