የሚቀየመው መንፈስ

ሰዓት ሠሪው እሁድ እሁድ ከታላቅ እህቱና ከባሏ ጋር በዳይስና በወረቀት ለሚጫወቱት የጀብዱ ጨዋታ፣ ጀግኖቹ ሲጨንቃቸው የሚጠሩት መንፈስ ሲፈጥር ይሄ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ዘንዶውን በአንድ ቡጢ ዘርሮት ጨዋታው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። የሁለተኛውን ጉልበት ቢቀንስ አይጥ አባረረው፤ እህቱም "መንፈስ ነው የጠራሁት ወይስ የጎረቤት ድመት?" ብላ ሳቀችበት።

አሁን ግን ጉልበቱን መለሰለትና በወረቀቱ ግርጌ አንዲት ሕግ ጨመረ፦ "አንተ ብሎ የጠራው ካለ ተቀይሞ ይሄዳል።" እህቱን ያውቃታላ! አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

ዳይሱ ተወረወረ፤ ዘንዶው መጣ።

"ና እንጂ! ምን ይጎልትሃል?" ብላ መንፈሱን ጠራችው።

"ተቀይሞ ሄደ" አላት ወንድሟ፣ ሕጉን በጣቱ እያሳያት።

"እኔ ነኝ አንተ ለፈጠርከው መንፈስ እርስዎ የምለው?"

ዘንዶው ግን ቀልድ አያውቅም፤ ጀግናዋን ጥግ አስያዘባት። እህትየው ጥርሷን ነክሳ "እባክዎ ይምጡ፣ ጌታዬ" አለች። መንፈሱ መጣ፤ ዘንዶውም ለጥቂት ተሸነፈ። ሦስቱም አጨበጨቡ።

እህትየው ድሉ እንዳሞቃት ማንቆርቆሪያውን አንስታ ወደ ታናሽ ወንድሟ ዞረች።

"ሻይ ልድገምልዎ?"

ባሏ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ሰዓት ሠሪው በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው። ከዚያም ኮስተር ብሎ "ትንሽ ብቻ" አለ።