ፊልሙ የተበጠሰ ዕለት

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ የሕንድ አስተማሪዎች ከተማውን በሞሉበት ዘመን። ሰው ሁሉ ለሕንድ ፊልም ሲጣደፍ እኔ ፍርድ ቤት እንደተጠራ ሰው እየተንቀጠቀጥኩ ነበር የምሄደው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከኛ ቤት ቁልቁል ባለው የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የዘመናዊ ሥዕል ኤግዚቢሽን ተከፍቷል። አዘጋጆቹ ሰው እንዲመጣላቸው ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የሕንድ ፊልም በነፃ ያሳያሉ። ፊልሙ ጋ ለመድረስ ደግሞ የግድ በሥዕሎቹ ክፍል ማለፍ ነው። ከሥዕሎቹ አንዷ እኔ ነኝ።

እንዴት ሆነ በሉኛ! ሠዓሊዋ ወይዘሪት ሮማነወርቅ ጎረቤታችን ናት፤ ውጭ አገር ተምራ የመጣች፣ ብቻዋን የምትኖር። ባሌ አባይነህ "እሷ ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ" ብሎኛል። እኔ ደግሞ እንጦጦ ማርያም ጠበል እጠመቃለሁ፣ ልጅ እንድትሰጠኝ እለምናለሁ ብዬ እየወጣሁ፣ እሮብ እሮብ እሷ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ። ምን ያስቀምጥሻል ካላችሁ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ራሱ ናፍቆኝ ነዋ! ማንም ውሃ አምጪ ሳይለኝ፣ ማንም የት ነበርሽ ሳይለኝ። እሷ ታየኛለች፣ እኔም እታያለሁ፣ አለቀ።

አባይነህ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚያወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሁልጊዜ ይማታል ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። መቼ እንደሚማታ አለማወቄ ነው ጭንቄ። ገና ከእግሩ ኮቴ ነው የዕለቱን ጠባዩን የምለየው። በልጅ ነገር፣ ያውም በማርያም ስም መዋሸቴን ቢያውቅ ደግሞ፣ ዱላው ይቅርና፣ ዕቃዬን በዚያችው መኪና ጭኖ ካራ መንደር፣ አባቴ ደጅ ያራግፈኛል። አድርጎትም አይጸጸት።

ይኸው ሰውዬ የሕንድ ፊልም ከተባለ ጨርቁን ይጥላል! የገዛ እናቱ ቀብር ላይ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው፣ ቋንቋዋ ለማይገባው ሕንዳዊት ስቅስቅ ይላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሆዴን አመመኝ ብዬ ብተኛ "ተነሽ፣ ሊጀምር ነው" ብሎ አስነሳኝ። ደግነቱ አርፍደን ስለነበር በሥዕሎቹ መሐል በሩጫ አለፍን።

በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ጉድ ፈላ። ፊልሙ ላይ አንድ ባል ሚስቱን ያለ ጥፋቷ፣ ልጇን እንዳቀፈች፣ በዝናብ አስወጥቶ በር ይዘጋባታል። አዳራሹ በሙሉ ይነፋረቃል። አባይነህም በመሐረቡ ዓይኑን እየጠረገ "አረመኔ!" ይላል ባልየውን። ልክ እዚያ ላይ ፊልሙ ተበጠሰ። ፊልሙን የሚያሳየው ሕንድ አስተማሪ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ ብሎ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ "እስኪጠገን ሥዕል እዩ" አለ። ወይ ጣጣዬ!

"እዚሁ እንቀመጥ፣ ቦታ ይያዝብናል" ብል ማን ሰምቶኝ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩና ተከተልኩት። "ይሄ ምንድነው፣ ዶሮ የጫረው? ይሄስ፣ ቀለም ተደፍቶባቸው ነው?" እያለ ይስቃል። እኔ በሆዴ ማርያምን እለምናለሁ፤ በምን አፌ እንደሆነ እሷ ትወቅ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

የኔ ሥዕል ፊት ደርሷል። ፊቴ አረንጓዴ፣ አንገቴ የሰው የማይመስል ረጅም። ዓይኖቼን እኔም ያን ዕለት ነው አስተውዬ ያየኋቸው። አሁን ማን ይገባ ይሆን እያሉ በር በሩን የሚያዩ ዓይኖች ናቸው። አባይነህ ቆሞ ቀረ። እኔ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

"ምስኪን!" አለ። "አየሻት? ምን ቢያደርጋት ነው እንዲህ የምትፈራው? ይህቺን ያገባት ባል ሳይሆን ጅብ ነው።"

ዳንኩ! አላወቀኝም። ተመስገን ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እንጃ፣ አንጀቴ እርር አለ። ስንት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን ፊቴን አያውቀውም፤ ግድግዳ ላይ ሲያየው ግን ያዝንለታል!

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ስቀር ወደ ሥዕሉ ዞረ፣ ወደኔ ዞረ፣ እንደገና ወደ ሥዕሉ።

"መቼ?"

"እሮብ እሮብ።"

"ጠበል ስትሄጂ?"

ራሴን ነቀነቅኩ። በቃ መጣ ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ጥፊው አልመጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የምትፈሪው እኔን ነው?" አለኝ።

"ኧረ በማርያም! አንተን? በጭራሽ!" አልኩ። መፍጠኔ ራሱ አሳበቀብኝ።

ፊልሙ ተጠግኖ ገባን። ሴትየዋ ከነልጇ መንገድ ላይ ወድቃ ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ፣ የኔው ሰውዬ ዓይኑ ደረቅ ነበር። ሁለት እጆቹን ጭኖቹ ሥር ከቶ ወለል ወለሉን ያያል። ዳገቱን ስንወጣም እጆቹን ከኪሱ አላወጣም። እኔ ዕቃዬን በልቤ እየጠቀለልኩ ነው። ቤት ስንደርስ በሩን ከፈተና፣ ወትሮ ቀድሞኝ የሚገባው ሰው፣ ወደ ጎን ቆሞ "ግቢ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ያቺንም "ግቢ" ፈራኋት። ደጅ ቆሜ ቀረሁ።