የታንኩ ክዳን

ወንድሜ ይሄነው ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሽ ሰው ነው። ይህን የምለው ስለተጣላን አይደለም፤ የተጣላነው ስለሚዋሽ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ስለ እሱ ደግ ደጉን የሚያወራላችሁ ሰው ካገኛችሁ ወይ ይፈራዋል ወይ አያውቀውም።

አባታችን ሲሞት ሽማግሌዎች ግቢውን ለሁለት ከፈሉልን። ላይኛው ግማሽ ከነሰርቪሱ ለእኔ፣ ታችኛው ከነትልቁ ቤት ለእሱ ሆነ። እናታችን ብርሀንነሽ «የተዳርኩበትን ግቢ አልለቅም» ብላ በእሱ በኩል ቀረች። መሀል ላይ የቆርቆሮ አጥር ቆመ። ሽማግሌዎቹ ዛፉን፣ የውሃ ቆጣሪውን፣ የእንጨት ክምሩን ሳይቀር ሲያካፍሉን ከመሬት በታች ያለውን ረሱት። አባታችን ያሠራው የሽንት ቤት ታንክ አንድ ነው። የእኔም የእሱም ቧንቧ እዚያው ነው የሚገባው፤ ክዳኑ ደግሞ በእሱ ድርሻ ላይ ነው።

አባታችን በሕይወት ሳለ በየሦስት አራት ዓመቱ ከደሴ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና እያስመጣ ያስመጥጠው ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ መኪናው ስለሌለ የሚያስከፍለው መምጠጡ ሳይሆን መንገዱ ነው፤ አባታችን ግን ጎረቤት አስተባብሮ፣ ወጪውን ተካፍሎ፣ ሳይሞላ ያስወጣው ነበር። ይሄነው ይህን ሁሉ ከንቱ ወጪ ነው የሚለው። «አመድ ጨምሪበት፣ ራሱ ይበላዋል» ይላል። ታንክ እንደ በሬ ይመስል።

ግቢውን በተረከበ በዓመቱ ክዳኑ ባለበት ቦታ ላይ አንድ ክፍል ሠራ። እኔ ያኔ እማዬን ይዤ ጠበል ሄጄ ነበር። ስመለስ ግድግዳው ቆሟል፣ ወለሉ በሲሚንቶ ተለስኗል።

«ታንኩስ?» አልኩት።

«አሮጌውን ደፈንኩት። አዲስ ከታች አስቆፍሬያለሁ፤ ያንቺንም ቧንቧ አዙሬልሻለሁ። አመስግኚኝ እንጂ!»

አመሰገንኩት። ያቺ ምስጋና እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ከዚያ ትልቁን ቤት ለመንግሥት ሠራተኞች አከራየና እማዬን አዲሱ ክፍል ውስጥ አስገባት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ «ለእናቴ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት ሠራሁላት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውም መረቀው።

ሁለት ክረምት እንዳለፈ ክፍሉ መሽተት ጀመረ። እሑድ እሑድ ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ይዤ እጠይቃታለሁ። በሩን ስከፍተው ሽታው ፊቴን ይመታኛል። አንድ ቀን ይሄነውን ጠርቼ «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

«እናታችን አርጅታለች። ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷታል። ምን ላድርግ? ሚስቴ በየቀኑ በረኪና እየረጨች ነው።»

እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ይህቺ ሴት በወጣትነቷ ገበያ መሀል የሚያታልላትን ነጋዴ አፉን የምታስይዝ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ እኔን እንኳ ማስጠጋት ተወች። «በሩ ጋ ሁኚ፣ አየር ይሻልሻል» ትለኛለች። ክረምትና በጋ ሳትል በቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠብ እጆቿ ተሰነጣጠቁ። መጀመሪያ ማኅበሯን ተወች። ቀጥላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች። ጎረቤቷ ኡምኩልሱም ስትሞት ደግሞ ለቅሶ ሳትደርስ ቀረች።

ኡምኩልሱምና እናቴ የዕድሜ ልክ ባልንጀሮች ነበሩ። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ አራስ ጠባቂ ሆና ነው ያደግነው። በእኛ አገር ቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ እስላም ክርስቲያን አይልም፤ ሞት ሲመጣ ሁሉም አንድ ድንኳን ሥር ነው። ጠላት እንኳ ይመጣል። እማዬ ግን ለቀብርም፣ ለድንኳንም፣ በኋላም አልመጣችም። «ጉልበቴን አሞኛል» አለች። እኔም እሳት ለብሼ ገብቼ «በቃሬዛም ቢሆን መሄድ ነበረብሽ፣ አሰደብሽን!» ብዬ ጮህኩባት።

የኡምኩልሱም ልጅ ሩቂያ ከዚያ በኋላ የእማዬን ስም አትጠራም። በአጥር በኩል አንድ ጊዜ ብቻ «እናትሽ እናቴን ሳትሸኛት ቀረች። አላህ ይየው» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

በዚህ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነገሩ በእኔ ቤት ወጣ። ሽንት ቤቴ ውሃ አልሄድ አለ፤ ሲጉረመረም ሰንብቶ አንድ ጠዋት ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደሴ ደወልኩ። ሹፌሩ አሕመድኑር ይባላል፤ «ለአንድ ቤት ብዬ ያንን መንገድ አልመጣም፤ ሰው ሰብስቢ» አለኝ። ሩቂያ ጋ ሄድኩ። የእሷም ታንክ ሊሞላ ስለነበር ፊቷን ሳትፈታ «እሺ፣ እካፈላለሁ» አለች። ቀጥዬ ጥርሴን ነክሼ ይሄነው በር ላይ ቆምኩ።

«የእኔ ታንክ አልሞላም» አለ። «የሞላው ያንቺ አፍ ነው።»

«ታንኩ አንድ ነው!»

«ከሆነም ማስመጠጥ የምትፈልጊው አንቺ ነሽ። ክፈይ፣ አስመጥጪ። እኔን ለምን ትነዘንዢኛለሽ?»

መኪናው በቀጠሮው ቀን መጣ። አሕመድኑር ከመኪናው ሲወርድ ጀምሮ የተቆጣ ሰው ነበር። መንገዱን ሰደበ፣ ናፍጣውን ሰደበ፣ የሩቂያን ታንክ እየመጠጠ የሩቂያን ታንክ ሰደበ። ከዚያ ሰው ሁሉ ተከትሎት ወደ ይሄነው ግቢ ገባን። ተከራዮቹም ወጥተው ቆሙ።

«ክዳኑን አሳዩኝ» አለ አሕመድኑር። «ወግዲ ከተማ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። እዚህ የማድር ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው።»

ይሄነው በልበ ሙሉነት ወደ ግቢው ታችኛው ጥግ ጠቆመ። «እዚያ ነው። አፈር ለብሷል፤ ቆፍሩ።»

ሁለቱ ሠራተኞች ቆፈሩ። ቦታ ቀየሩና ደግመው ቆፈሩ። የይሄነው ሚስት ከኩሽናዋ አንድ ጊዜ ብቅ ብላ አይታን ተመልሳ ገባች። ዓይኗን ከእኔ ስታሸሽ ሳይ ነው ልቤ የጠረጠረው። አሕመድኑር ከጉድጓዱ አፈር ዘግኖ በጣቶቹ አሸው።

«ይህ መሬት ከተፈጠረ ተቆፍሮ አያውቅም። ወንድሜ፣ በእኔ ነው የምትቀልደው?»

«እንግዲህ ሠራተኞቹ የት እንዳደረጉት እኔ ምን አውቃለሁ!» አለ ይሄነው።

ደሜ ፈላ። «አስቆፈርኩ፣ ቧንቧሽን አዞርኩ አላልከኝም? ውሸታም!» አልኩት፤ ሌላም ብዙ ነገር አልኩት፤ እዚህ የማይጻፍ ነው። እሱም አልተኛልኝም። ባል ያጣሁት በምላሴ መሆኑን ለተከራዮቹ ሁሉ ነገራቸው።

አሕመድኑር ሁለታችንንም ትቶን ወደ እኔ ግቢ ወጣ። ከሽንት ቤቴ ጀርባ ያለውን የቧንቧ መገጣጠሚያ ከፍቶ፣ ቱቦ ሲደፈን የሚገፉበትን ረጅም ሽቦ ሰደደ። ሽቦው ሄደ፣ ሄደና እጁ ላይ ለቀቀ። «ታንክ ውስጥ ገባ» አለ። እዚያው ላይ ምልክት አስሮበት አወጣውና ቧንቧው በሚሄድበት አቅጣጫ በመሬቱ ላይ ዘረጋው። ሽቦው በአጥሩ ሥር አልፎ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ የእማዬ ክፍል ግድግዳ ላይ ደረሰና ገና ክንድ የሚሆን ቀረው።

እማዬ በጫጫታው ወጥታ ደጇ ላይ ቆማለች፤ እንደ ልማዷ ከሰው ራቅ ብላ፣ ነጠላዋን አጥብቃ።

«ከዚህ ክፍል ሥር ነው» አለ አሕመድኑር። «እዚህ ውስጥ ሰው ይኖራል?»

ይሄነው በሩ ላይ ሄዶ ተገተረ። «እናቴ ታማሚ ናት! ቤቴን ማን ሊያፈርስ ነው? በሕግ አምላክ!»

«ዞር በል» አልኩት።

«አልዞርም!»

የሠራተኛውን ዲጂኖ ነጥቄ መጣሁበት። ልመታው ነበር? አላውቅም። እሱ ግን እንደማደርገው አምኖ ዞር አለ። አልጋውን ከሠራተኞቹ ጋር ጎትተን ወደ ግድግዳው አስጠጋነው። ከአልጋው ሥር ሲሚንቶው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ዙሪያውን ጠቁሯል። ሁለት ሦስቴ ስመታው ተፈረካከሰ። ከሥሩ የአባታችን የብረት ክዳን፣ ያ እጀታው የተጣመመው፣ ዝገት ዳሩን በልቶት ብቅ አለ። ይሄነው እላዩ ላይ የጣት ውፍረት ሲሚንቶ ብቻ ነበር ያለበሰው።

አሕመድኑር «ክብሪት እንዳይጫር!» ብሎ ጮኸና ክዳኑን በዲጂኖ ፈነቀለው። ሽታው ወጣ። ተከራዮቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ በሩ ሸሹ። ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩ።

እማዬ ብቻ ወደ ውስጥ ገባች። ቀስ ብላ መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ አለች፤ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አነሳችና ሳበችው። ከዚያ የራሷን ክንድ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። እንደገና ጉድጓዱን።

«ይኸው ነው» አለች። «ያው ሽታ ነው። እኔ አይደለሁማ?»

«አይደለሽም እማዬ» አልኳት።

አሕመድኑርን ቀና ብላ አየችው፤ የእኔን ቃል ያላመነችው ይመስል። «ልጄ፣ አንተ ሥራህ ነው፣ ታውቃለህ። እኔ አይደለሁም?»

ያ ሲሳደብ የዋለ ሰው ኮፍያውን አወለቀ። «ወላሂ አይደሉም እማማ። እዚህ ላይ የተኛ ሰው በሕይወት መኖሩም ይገርማል።»

እማዬ ወደ ይሄነው ዞረች። «ታውቅ ነበር?»

«እማዬ፣ ክፍሉን ከማፍረስ ብዬ... ትንሽ ጊዜ... »

«ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷታል ብለህ በሰው ፊት ስትናገር ታውቅ ነበር?»

ይሄነው መሬት መሬት አየ።

ሩቂያ ሰው ገፍታ ገባች። ከቆመችበት ቦታ ሆና ሰምታ ነበር። «እማማ ብርሀንነሽ፣ እናቴን ያልሸኟት ለዚህ ነው?»

«እንዴት ብዬ ልምጣ ልጄ?» አለች እማዬ። «ኡምኩልሱምን እየሸተትኩ ልሸኛት? ከሴቶቹ መሀል ምን ብዬ ልቀመጥ? ሌሊት በአጥሩ በኩል ቆሜ ነው ያለቀስኩላት። አላህ ይዘንላት።»

ሩቂያ ጮሃ አለቀሰችና ጉልበቷን ይዛ ተንበረከከች። «አፉ ይበሉኝ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለቻት። እማዬ አነሳቻትና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰውን አቅፋ፣ አንገቷ ሥር ተሸጉጣ አለቀሰች።

እኔ ጊዜዬን አላባከንኩም። ይሄነው ላይ ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት። እናቱን በቁሟ የቀበረ፣ ከርፋታም፣ አንድ ክፍል ለማትረፍ የወለደችውን የሸጠ አልኩት። አፈር ብላ አልኩት። ተከራዮቹን ምስክር ጠራሁ። ለቅሬው እነግራለሁ፣ ለንስሐ አባቱ እነግራለሁ፣ በዚህ ከተማ ቀና ብለህ አትሄድም አልኩት። ትክክል ነበርኩ፤ ትክክል መሆኔም ደስ እያለኝ ነበር።

«ፍቅርአዲስ» አለች እማዬ።

ዞር አልኩ። ዓይኗን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የሩቂያን ክንድ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንቺም እኮ መጀመሪያ ቡናና ስኳር ነበር የምታመጭው። ኋላ ሳሙና ጨመርሽ። ከዚያ ደግሞ ሳሙናው በዛ።» አልተቆጣችም፤ ልክ የገበያ ነገር እንደምታወራ ነው የተናገረችው። «ልጄም ሸተትኳት አልኩ። እሱ ሲናገር አላመንኩትም ነበር፤ ውሸቱን አውቃለሁ። ያንቺን ሳሙና ነው ያመንኩት።»

ይህን ብላ ከሩቂያ ጋር ወደ ኡምኩልሱም ቤት ወጣች፤ ለቅሶ ልትደርስ። ተከራዮቹ መንገድ ለቀቁላት። አሁን አጠገቧ ማን እንደቆመ ሳታይ፣ በመሀላቸው አለፈች።

አሕመድኑር የመምጠጫ ጎማውን በመስኮት አስገብቶ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተው። ሞተሩ ማጓራት ጀመረ። ክፍሉ ውስጥ የቀረነው እኔና ይሄነው ነን፣ ጉድጓዱ በመሀላችን። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰማሽ አይደል?» አለኝ።

ዓይኔን ከእሱ ላይ አነሳሁ። አልጋውን ከጎተትንበት ቦታ፣ ራስጌው በነበረበት በኩል፣ ወለሉ ላይ አንድ የሸክላ ሰሐን አለ። ሰሐኑ ላይ ባለፈው እሑድ ያመጣሁላት ሳሙና ተቀምጧል፤ በአንድ ሳምንት ቅጠል አክሎ ሳስቷል።