ያለማንም የተሠራው አልበም

ባለቤቴ በስተርጅና ብቻውን አልበም ሠራ። ዕድሜ ልኩን የሮክ ባንድ ዘፋኝና ግጥም ደራሲ ነበር። ማይክ ቢጠፋ እንኳ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል ተብሎ «ጥሩምባ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። እኔም ስናደድ ጥሩምባ እለዋለሁ፤ እሱ ግን ያሞገስኩት ይመስለዋል። የአልበሙን ስም «ያለማንም» አለው። ሽፋኑ ላይ ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ጊታሩም፣ ድምፁም የራሱ ብቻ መሆኑን በትልልቅ ፊደል አስጻፈ። «ትንሽ አልበዛም?» ብዬ ብጠይቀው «እውነት መቼ ይበዛል!» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ነገሩ ለማን እንደተባለ አላጣሁትም። ለባንዱ ሰዎች ነው። ባንዱ የፈረሰው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ አንድ ቀን ልምምድ ላይ «ወንድሜ፣ ድምፅህ እንደ ድሮው አይወጣም፤ የዘፈኖቹን ከፍታ ዝቅ አድርገን እንጫወታቸው» ስላለው ነው። ባለቤቴ ጊታሩን አንጠልጥሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዘፈን ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ ከስድብ ይቆጠራል። አዲሶቹንም ዘፈኖች በጎረምሳነቱ በሚዘፍንበት ከፍታ ሠራቸው። ጉሮሮው ግን እንደ ራሱ ግትር አልሆነም።

ልጃችን ስቱዲዮ አብራው ትመላለስ ነበር። የአንደኛ ደረጃ የሙዚቃ አስተማሪ ናት። የአባቷን ጎርናና ድምፅ ቁርጥ አድርጋ ወርሳለች፤ ስልክ ስታነሳ ሰዎች «ጋሼ ጥሩምባ፣ እንዴት ዋሉ?» ይሏታል። ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ዘፋኙን ዜማው ሲያስቸግረው ሌላ ሰው ቀድሞ ይዘፍንለታል፤ እሱ ያንን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይከተላል፤ ሥራው ሲያልቅ የመሪው ድምፅ ይሰረዛል። ከፍታው ላይ ለአባቷ የመራችው እሷ ናት። እሱም ለጠየቀው ሁሉ «መንገድ ታሳየኛለች እንጂ አትዘፍንም» ይል ነበር።

አልበሙ ሲያልቅ ቤዝ ተጫዋቹንና የባንዱን ከበሮ መቺ እሁድ ከሰዓት ቤት ጠራቸው። ለዕርቅ ነው አለኝ። ለጉራ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ሳሎኑን በገዛ እጁ ጠረገ፣ ድምፅ ማጉያዎቹን ከግድግዳው አራቀ፣ ወንበሮቹን ፊት ለፊታቸው ደረደረ። የስቱዲዮው ድምፅ ቀጂ የመጨረሻውን ቅጂ የላከው በዚያው ጠዋት ነበር፤ ባለቤቴ ግን «ከእነሱ ጋር ነው የምሰማው» ብሎ አልከፈተውም።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ደህና ነበሩ። ሽማግሌ ሲያወራ ይመስላሉ፤ አይከፋም። ከዚያ አንዱ ዘፈን አዝማቹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሽቅብ ወጣ፤ ወፍራም ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ከበሮ መቺው ጭኑን ቸብ አደረገ። ባለቤቴ «ሰማችሁ?» አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጃችን ብድግ ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እኔም ተከተልኳት።

«ያ ድምፅ ያንቺ ነው» አልኳት።

ጀርባዋን ሰጥታኝ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። «ቀስ በይ እማዬ፣ ይሰሙሻል።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። ድምፅ ቀጂው ጨንቆት ነው። የእሱ እየተሰነጣጠቀ ሲያስቸግረው የአንቺን ላስገባው ወይ አለኝ፤ አስገባው አልኩት። ታዲያ ምን ልበለው? አባቴ ይዋረድ ልበል?»

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ምነው ማንም ሳያውቅ ባለፈ» የሚል ነበር። ወዲያው በራሴ አፈርኩ፤ ልጄ ፊቴን እንዳታየው ሻይ የምቀዳ መሰልኩ።

ሳሎን ስንመለስ ባለቤቴ ቆሞ ያስተምራል። «ጉሮሮ ምንም አያደርግም! ሆድ ነው!» እያለ ሆዱን በመዳፉ ይጫናል። «ሰው አረጀ የሚባለው ከሆዱ መተንፈስ ሲተው ነው።» ልጄ ሻዩን በዝርግ ሳሕን ይዛ ከኋላው ቆማለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እስቲ ደግሜ ላሰማችሁ» ብሎ ያንኑ ቦታ መልሶ ከፈተው። አሁን ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ድምፁ ሽቅብ ሲወጣ፣ አንድ ረዘም ያለ ቃል መሃል ላይ፣ አጭር ትንፋሽ ተሰማች። የባለቤቴ መዳፍ ሆዱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

እኔም ያቺን ትንፋሽ አውቃታለሁ። ልጄ በአፍላነቷ እዚሁ ሳሎን ስትዘፍን እሱ ጠረጴዛውን እየመታ «ቃል መሃል አይተነፈስም!» ይላት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ «በዚህ አተነፋፈስ መድረክን እርሺው፤ ለሕፃናት መዝሙር ይበቃሻል» አላት። እሷም ሄዳ ሕፃናት ማስተማር ጀመረች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ያነሳው የለም።

ቤዝ ተጫዋቹ የባለቤቴን መደንገጥ አላየም፤ ያፈረ ይመስል ወንበሩ ላይ ተሰብስቦ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥሩምባ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለ። «ያኔ ዝቅ እናድርገው ያልኩህ ተሳስቼ ነው። እንኳንም አልሰማኸኝ።»

ባለቤቴ ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ሙሉ ሲያልም እንደኖረ የማውቀው እኔ ነኝ። ዝም ቢል በቃ፣ የእሱ ናት። ዝም እንዲል ፈለግሁ፤ እግዜር ይይልኝ፣ እውነቴን ነው።

«እኔ አይደለሁም» አለ።

«ምኑ?»

«ድምፁ። የእሷ ነው።» በአገጩ ወደ ልጃችን አመለከተ።

ከበሮ መቺው ሳቁን ለቀቀው። «አይ ጥሩምባ! በስተርጅና ደግሞ ትሕትና ጀመረህ?»

«አልቀለድኩም። ንገሪያቸው አንቺ።»

ልጄ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አባዬ ደግሞ! ከአንተ ሌላ ማን ይሆናል?» አለች፤ ፈገግም አለች። ባለቤቴ እንደዚያ ሲሸማቀቅ አይቼው አላውቅም። ብትሰድበው በቀለለው።

ጊታሩን ከጥግ አነሳ። ክሮቹን ሳያስተካክል፣ ያንኑ አዝማች፣ በዚያው ከፍታ ጀመረው። መሃል ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ቦታ ላይ ሙልጭ ብሎ ጠፋ፤ አፉ ተከፍቶ አየር ብቻ ወጣ። እኔ መጋረጃውን አየሁ። ከበሮ መቺው የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ መልሶ አሰረ። የሳቀ የለም፤ ቢስቁ ይሻል ነበር።

«ይኸው» አለ ባለቤቴ፣ ዐይኑን ጊታሩ ላይ ተክሎ። «የእኔ ይሄ ነው።»

ቤዝ ተጫዋቹ ወንበሩን አዙሮ ልጄን ገና ዛሬ ያያት ይመስል አተኩሮ አያት።

«የኔ ልጅ» አላት፤ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ቤት ነበርኩ፣ ጋሼ» አለች።

ባለቤቴ ካቀረቀረበት ቀና አላለም።