አልፈታ ያለችው ዳዶ

በአንዲት ዳዶ ቤቴ ፈረሰ ብዬ ብነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔም በሌላ ሰው ላይ ሲሆን እስቅ ነበር። ዳዶ እኮ በሁለት ጣት የምትያዝ፣ ቡሎን ላይ የምትጠብቅ ብረት ናት። መኪናዬ አሮጌ ፔጆ 404 ነበረች፤ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ሰውም እህልም ፍየልም የጫነች። ጊዜው ስድሳ ዘጠኝ አልፎ፣ ሽብሩ ጋብ ብሎ፣ ቀበሌው ሁሉን የሚያዝበት ዘመን ነው። የፊት ቀኝ ሞላዋ ተሰበረ። ሞላ ያው መኪናዋን ጎማው ላይ የሚሸከማት ጥቅልል ብረት ነው። ያ መንገድ እንደሆነ ሰውም ብረትም አይምርም።

ባለቤቴ ይመኙሻል የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ አሥራ አምስት ቀን ቀርቷታል። ሰባት ዓመት የጠበቅነው ልጅ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆዷን ዳብሶ፣ «የልጁ አቀማመጥ አላማረኝም። ምጥ እንደጀመራት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አድርሳት፤ እዚህ እንዳትወልድ» ብሎኛል። ታዲያ በተሰበረ ሞላ ልወስዳት ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ እሑድ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፣ ድንጋይ አስደገፍኩና ጎማዋን ፈታሁ። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ሞላ አጠገቤ ተቀምጧል። እስከ ማታ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ወይ እኔና ብልሃቴ!

ሌላው ሁሉ በሰላም ወለቀ። ሞላውን ከነአሞርዛቶሩ፣ ማለት ከነንዝረት ማብረጃው፣ አወጣሁት፤ ተፈናጥሮ እንዳይገድለኝ በሰንሰለት ጠፍሬ አሰርኩት። የቀረችው አናቱ ላይ ያለችው አንዲት ዳዶ ናት፤ እሷ ካልወለቀች ሞላው ከአሞርዛቶሩ አይላቀቅም። ቁልፍ ሰክቼ ሳዞራት የአሞርዛቶሩ ዘንግ አብሯት ይዞራል። ዘንጉን በፒንሳ ስይዘው ያንሸራትታል። ናፍጣ አጠጣኋት፣ ላምባ አጠጣኋት፣ በመዶሻ ቀጠቀጥኳት፣ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩባት። ማዕዘኗ ተበልቶ ክብ ሆነች፤ ከዚያ ወዲያ ቁልፍም አልይዛት አለ። ሰደብኳት። የሠራትንም ሰደብኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ትቻት ገባሁ።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ይመኙሻልን ምጥ ያዛት።

በጎረቤላ ያለችው ሌላዋ መኪና የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ናት፤ እሷም ለስብሰባ ቆላ ወርዳለች። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ኃይለሚካኤል ስምንት ጎረምሶች አስከትለው፣ ቃሬዛ አሠርተው መጡ። «ተሸክመን እንውጣ፤ እየተቀባበልን እስከ ማታ እናደርሳታለን» አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? «ኧረ ጋሼ፣ አሁን ትወልቃለች! በመኪና እኮ ሁለት ሰዓት ነው!» አልኳቸው። ሾፌር ነኛ! የሾፌር ሚስት በቃሬዛ ስትሄድ ሰው ምን ይላል? እሳቸውም እሺ ብለው ቁጭ አሉ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ገብረ ጻድቅ ከአጥሩ ማዶ መጥቶ ቆመ። ከእኛ ቤት በታች የሚኖር ቀጥቃጭ ነው። የአገሩን ማረሻና ማጭድ የሚሠራው እሱ ነው፤ አገሩ ግን ቡዳ ይለዋል። በማረሻው ያርሳል፣ ከቤቱ ውሃ አይቀምስም። ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል፤ በተለይ ምጥ የያዛት ሴት ያለችበት ግቢ ቀጥቃጭ ዝር አይልም። ይህን እሱም ያውቃል፤ ከአጥሩ ማዶ የቆመውም ለዚሁ ነው።

«ብርሃነ» አለኝ። «መዶሻህን ከትናንት ጀምሮ እየሰማሁት ነው። እንደዚያ አትወልቅልህም። ከጎኗ በመሮ መሰንጠቅ ነው። ያንተ መሮ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል። የእኔን ይዤ ልምጣ?»

ከቤት ውስጥ ሴቶቹ «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። ይመኙሻል ታቃስታለች። እኔ ደግሞ፣ ስሙኝ፣ እኔ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ በቀበሌው የውይይት ክበብ ተነስቼ፣ «ቡዳ የሚባል ነገር የለም! ሠርቶ አዳሪውን ለመናቅ የፈጠሩት ወሬ ነው!» ብዬ የተጨበጨበልኝ ሰው ነኝ። ገብረ ጻድቅም ያን ቀን ከኋላ ተቀምጦ ሰምቶኛል። ያ ምላሴ ሰኞ የት ገባ? ማንም አልከለከለኝም እኮ። አማቴ እማማ ዘርፈሽዋል ከውስጥ፣ ጋሽ ኃይለሚካኤልና ጎረምሶቹ ከቤቱ ጀርባ ጥላ ሥር ናቸው፤ መምጣቱንም አላዩ። ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ገብረ ጻድቅ» አልኩት፤ «አይልፉ፣ ልጨርሳት ነው።»

«እንግዲያው ከፈለግኸኝ ቤት ነኝ» አለና ወረደ። ዞር ሲልልኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ወደ መሬት እትፍ እትፍ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስድስት ሰዓት ምን ብዬ ልንገራችሁ። መሮዬ እንዳለውም ታጠፈ። ሴጌቶ አምጥቼ ዳዶዋን መጋዝ ጀመርኩ፤ ምላጩ ተሰበረ፤ ሌላ ተውሼ አመጣሁ፣ እሱም ተሰበረ። እጄ ደም በደም ሆነ። ጋሽ ኃይለሚካኤል በየሰዓቱ «እህ?» ይሉኛል፤ እኔ በየሰዓቱ «አሁን ነው ጋሼ፣ አሁን» እላለሁ። ስምንቱ ጎረምሶች ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ከቤት እልልታ እሰማ እንደሆነ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ የምሰማው የእሷን ጩኸት ነው። ቀን ላይ ድምጿ ጎላ ያለ ነበር። ወደ ስምንት ሰዓት እየሰለለ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዋላጇ እትዬ በሰለች እጃቸውን እያደራረቁ ወጡ። ወደ መኪናዋ እንኳ አላዩም። «የልጁ እጅ ወጥቷል» አሉ። «ገላው አግድም ነው። እኔ ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።»

ያኔ ሮጥኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ገብረ ጻድቅ መሣሪያውን በቆዳ ጠቅልሎ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሯል። «ለምን ቆየህ?» አላለኝም። ከፊቴ ቀድሞ ወጣ። ዘንጉን ወፍራም ብረት አስደገፈው፣ መሮውን ከዳዶዋ ጎን አስጠጋና መታ። ቆጠርኩ። በሰባተኛው ተሰነጠቀች። በሰባት ምት! ሁለት ቀን የታገልኳት ዳዶ ሁለት ቦታ ሆና እግሬ ሥር ወደቀች። እልል ልበል ወይስ ጉድጓድ ገብቼ ልቀበር አላወቅሁም።

አዲሱን ሞላ እሱ ሲጫነው እኔ በሌላ ዳዶ ሳስር፣ ከሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ጎማዋ መሬት ነካ። እማማ ዘርፈሽዋል ይመኙሻልን ደግፈው ሲያወጡ ገብረ ጻድቅን አዩትና በነጠላቸው ፊቷን ሸፈኑባት። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እስክናልፍ ቆመ።

ይመኙሻል ከኋላ ወንበር እናቷ ጭን ላይ ተኛች። ነዳሁ። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ሞላው ደህና ይዞ ነበር፤ ጉድጓድ ብትገባም አትነጥርም። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ፣ «ብርሃነ፣ ደረስን?» አለችኝ። «ደረስን የኔ እናት፣ ይኸው መብራቱ ታየኝ» አልኳት። ምን መብራት! ገብስ ብቻ ነው የሚታየው። ነዳጁን ረገጥኩት። ትንሽ እንደሄድን እማማ ዘርፈሽዋል ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ከእንግዲህ አትቸኩል።»

መኪናዋን አቆምኩ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ልጁም እሷም አብረው ሄዱ፤ አብረው ቀበርናቸው።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሞልቷል። ሴቶቹ ተቀባብለው የሚያወሩትን እሰማለሁ። «በላት እኮ! ደጇ ድረስ ገብቶ በላት!» ይላሉ። አንዷ፣ «ጠዋት ደህና ነበረች፤ እሱ ከመጣ በኋላ ነው ያሸለበችው» ትላለች። ይህን ሲባባሉ ገብረ ጻድቅ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ቦታ የሚለቅለት ጠፋ።

እማማ ዘርፈሽዋል ከተቀመጡበት ተነሱ። እሱን ሳይሆን እኔን ነው ያዩኝ። «ብርሃነ» አሉ፤ «በእግዜር ስም እጠይቅሃለሁ፤ እኔ ያየሁትን ሰው ሁሉ ካንተ አፍ ይስማ። ይሄ ሰው ልጄ በምጥ ላይ ሳለች ግቢዋ ገብቷል? መኪናዋንስ ነክቷል?»

አስቡት። አፌን ከፍቼ፣ «ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የመለስኩት። ያን ጊዜ ባስገባው እኩለ ቀን ሳይሆን ሆስፒታል ነበረች። የገደልኳት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ገብረ ጻድቅ ያየኛል። እንድናገር የጠበቀ ይመስለኛል። ጋሽ ኃይለሚካኤል ያዩኛል። የሞተችብኝ ሚስት እናት ያዩኛል።

«አዎ» አልኩ። «ገብቷል። ነክቷታል።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። ገብረ ጻድቅ ነጠላውን ሰብሰብ አድርጎ ተመለሰ። በሳምንቱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ወናፉን አህያ ላይ ጭኖ ጎረቤላን ለቆ ወረደ። የመንደሩ ሰው በየአጥሩ ቆሞ አየው። «አያችሁ፣ የሠራውን ስለሚያውቅ ነው» ተባባሉ። ከጎኔ የቆመው ሰው፣ «አይደለም እንዴ ብርሃነ?» አለኝ፤ እኔም «ነው» አልኩት።